ሸክላው ሳይዞር የምትዘፍነው

ጥር 14፣ ረቡዕ

ውኃ መጣች። አራት ቀን ጠፍታ ነበር። በርሜሉን ሞላሁ፣ ጄሪካኖቹንም። ጽጌረዳዋን ገረዝኳት። ዊንጌት ትምህርት ቤት አትክልተኛ ሳለሁ የተከልኩትንና የዘነበውን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል ለዚህ በቃኝ። አሁን የምተክለው ትንሽ ነው። መጻፉ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ።

ትናንት አበራሽ መጥታ ነበር። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። "አባዬ፣ እኛ ጋ ና። አንዱ ክፍል ባዶውን ነው" አለች። ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልተክል ነው? "ቤት አለኝ" አልኳት። "ብቻህን ነህ እኮ።" ብቻዬን መሆኔን እኔ አጣሁት?

ባለቤቴ ታየች ከሞተች ስድስት ወር አለፈ። ሐምሌ 9 ነበር። ጥቁሬን አላወለቅሁም፣ እስከ ሙት ዓመቷም አላወልቅም። ቤቱ ዝም ብሏል። ሬዲዮ የለ፣ ዘፈን የለ። የሐዘን ቤት ነው። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሙሐዲን እንኳ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ በኔ ግድግዳ በኩል ያለውን ቴሌቪዥን ድምፁን ቀንሶልኛል።

የዘፈን ሸክላዎቹን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አቧራቸውን ጠረግሁ። አራት ናቸው። መለስኳቸው። አላጫወትኩም።

ጥር 23፣ ዓርብ

አጫወትኩ።

ይኸው ጻፍኩት። ለሰው አልናገርም፣ ደብተሩን ግን አልዋሸውም። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ... መርፌውን አስቀመጥኩ። አንድ ፊቱን ብቻ።

የምትዘፍነው የእንግሊዝ ልጅ ናት። ስሟ ሽፋኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፣ እሱን ማንበብ አልችልም። ታየች "ጎርናናዋ" ትላት ነበር። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ነው። ዘፈኑን ስትቀዳ ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር አሉ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዚያው ወደሚቀዱበት እየሄደች። ይህን የነገሩን እንግሊዟ መምህርት ናቸው፣ የዊንጌቷ። ታየች እሳቸው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር፣ እኔ ግቢውን እይዝ ነበር። እዚያ ነው የተያየነው። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ማጫወቻውንም ሸክላዎቹንም "ለሠርጋችሁ" ብለው ሰጡን። በ59 ዓመተ ምሕረት።

"ልጅቷስ? አሁንም ትዘፍናለች?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"በአሥራ ሰባት ዓመቷ አረጀች" አሉኝ። ጊታር የያዙ ወንዶች መጡ፣ ሕዝቡ ፊቱን ወደነሱ አዞረ። አሥራ ሰባት! እኔ በአሥራ ሰባቴ ጢም እንኳ አልነበረኝም። አራተኛው ሸክላ ላይ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ነገር አለ፣ ሰዎቹ ከአዳራሹ እየወጡባት መሆኑን ያወቀች ይመስላል። ወይ እኔ ነኝ እንዲህ የምለው።

የዛሬው ሁለተኛው ነው፣ ታየች የምትወደው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የታየችን ዓመት ለሦስት ደቂቃ ብዬ አፈረስኩ። በዓርብ ቀን፣ ለዚያውም።

ማንም አልሰማኝም... ሰምቶኝ ይሆን?

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከምሳ በኋላ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቅ ነበር። ዘፈኑ መጣ። ያው ዘፈን።

ቤት ገባሁ። ማጫወቻው ዝግ ነው። ሸክላው ሽፋኑ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከሙሐዲን ቤት ነው አልኩ። ያን ቀን ሰምቶኛል፣ አሁን እያሾፈብኝ ነው። ሱቁ ሄድኩ።

"አንተ ሙሐዲን፣ ዝጋው!"

"ምኑን፣ ጋሽ ዋቅጋሪ?"

"ዘፈኑን ነዋ! የሐዘን ቤት መሆኑን ረሳኸው?"

"ወላሂ ምንም አልከፈትኩም። ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ሳምንት ሆነው።" ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን ጠራ። "ቶይባ! ዘፈን ከፍተሻል እንዴ?"

ቶይባ እጇ ዱቄት እንደሆነ ብቅ አለች። "እኔ? እዚህ ቤት የሚዘፍነው እሱ ነው፣ ሲያንኮራፋ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እንዳይነቁብኝ። ዘፈኑ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥም ነበር። እነሱ ሲያወሩም ነበር። ስወጣም ዘፋኟ ልጅ ተከትላኝ ወጣች።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ሦስት ጊዜ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ማጫወቻውን ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ትዘፍናለች። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ባሰባት።

ጆሮ ተደፍኖ የሚሰማ ነገር ከየት ነው የሚመጣው?

የካቲት 7

ወንድሜን ጉዲናን ሳስብ ዋልኩ። ይህን ጽፌው አላውቅም። ታላቄ ነው። መጀመሪያ "ከበሮ ይሰማኛል" አለ። ሳቅንበት። ቆይቶ ከበሮው ስሙን መጥራት ጀመረ። ከዚያ ማዘዝ። አባቴ ጸበል ወሰዱት፣ በሰንሰለት አስረው። የሰንሰለቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ... ያኔ ገና አላገባሁም። "ዋቅጋሪ፣ ፍታኝ" ይለኛል፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ። አልፈታሁትም። ሁለት ዓመት ኖሮ እዚያው ሞተ።

በዘር ይመጣል ይላሉ። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣ አልፎኛል ብዬ ነበር።

አበራሽ እንዳትሰማ። ማንም እንዳይሰማ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። ለቅዳሴ ቁስቋም ወጣሁ። ካህኑ ወንጌል ያነባሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የምሰማው እሷን ነው። በቤተ ክርስቲያን! በሁዳዴ! ሙዚቃ የለ፣ ምን የለ፣ ድምፅዋ ብቻ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ ዲያቆኑ ሲናገር አልሰማሁም ነበር። አንዲት ሴት ጋቢዬን ጎተተችኝ። ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ወደ ኋላ አላየሁም፣ የምትከተለኝ መሰለኝ።

ዓመቱን ስላፈረስኩ ነው። ታየች ተቀይማኝ ነው የላከችብኝ። ወይ ሌላ ነገር ነው... ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ቀና ስል አበራሽ ፊቴ ቆማለች። በሙሐዲን ግቢ በኩል ነው የገባችው።

"አባዬ! እጄ እስኪላጥ አንኳኳሁ እኮ!"

"ተኝቼ ነበር።"

"ወንበር ላይ? ዓይንህ ፈጦ?"

"እየጸለይኩ ነበር።"

ዋሸሁ። በጾም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንዲህ ስታይ እናቷን ትመስላለች። "አንድ ነገር እየደበቅከኝ ነው" አለች። ከዚያ ሌላም ብዙ ተናገረች፣ ግን ያቺኛዋ ከሥር ትዘፍናለች፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት። ለካ "እኛ ጋ ትመጣለህ አይደል?" ብላኝ ኖሯል። ፊቷ በራ። "መቼ?" ስትል ነው የነቃሁት።

"የትም አልሄድም!" ብዬ ጮህኩባት።

እያለቀሰች ሄደች። ልከተላት ተነሣሁ፣ ግን ምን እላታለሁ? የማትታይ ልጅ እየዘፈነችብኝ ነው ልበላት?

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ዓመቷ ሳይደርስ ዘፈን ከፈትኩ አልኳቸው። ሌላውን ዋጥኩት። "ሠላሳ ስገድ። እስከ ዓመቷ ደግሞ አትክፈት" አሉኝ። በቃ። ቀለል አድርገው ነው ያዩት፣ ቀለል አድርጌ ነዋ የነገርኳቸው። ቤቴ ገብቼ ሰገድኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጀመረች። ስንተኛው ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሰበርኳቸው።

ጠዋት ጓሮ ወስጄ። የመጀመሪያው በእጅ አልሰበር አለ፣ ይጎብጥና ይመለሳል። በዶማ አደረግሁት። አራቱንም። ሽፋኖቹን አቃጠልኩ። የልጅቷ ፊት ከፀጉሯ ጀምሮ ጠቆረ፣ ሳቋ መጨረሻ ነው የነደደው። ስብርባሪውን አጥሩ ጥግ ቆፍሬ ቀበርኩ፣ ምንም የማይበቅልበት ቦታ። ማጫወቻውን ለሙሐዲን ሰጠሁት።

"ምን ላድርገው፣ ጋሽ ዋቅጋሪ?"

"እንደፈለግክ አድርገው። ብቻ ከኔ ቤት ይውጣ።"

ታየች ሆይ... ምን ላድርግ? ሰንሰለት ከሚመጣብኝ ብዬ ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ትዘፍናለች።

መጋቢት 10

እንግዲህ ሸክላው አልነበረም። እኔ ነኝ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ዊንጌት፣ ታክሲ መያዣው ጋ። መንገድ እያቋረጥኩ ነበር። ዘፈኑ ድምፅዋ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ደርሷል። አንድ ሰው ከኋላዬ ኮቴን ይዞ ጎተተኝና በቂጤ ተቀመጥኩ። ሙሐዲን ነው። ሚኒባሱ በአፍንጫዬ ሥር አለፈ።

"ጋሽ ዋቅጋሪ! ክላክሱን አይሰሙም? ሰፈሩ በሙሉ እኮ ሰማው!"

ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አባት፣ መሞት ካማረዎት ባቡር ይጠብቁ!" ብሎኝ ሄደ። ሰው ሳቀ። ሙሐዲን ነው ደግፎ ያቆመኝ።

አበራሽ ጋ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ "እንዳትደውል" አልኩት። ቁጣዬን ያውቃል።

"ይቆጡኝ" አለ። "ቆመው ይቆጡኝ እንጂ ተኝተው አላይዎትም።" ደወለ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

አበራሽ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ለጆሮህ። ከዚያ ሐኪሙ የሚለውን እንሰማለን። እምቢ ካልክ ግን ልብስህን በዚህ እይዛለሁ።"

ለጆሮህ ትለኛለች! ጆሮዬ እኮ ከሚገባው በላይ ነው የሚሰማው። ይህን እንዴት ልንገራት? ሐኪሙ ደግሞ ያውቅብኛል። ከጆሮ እስከ ጭንቅላት ስንት ጣት ነው? አንዴ ከታወቀ "ምስኪን፣ እንደ ወንድሙ" ነው። ከዚያ አንዱ መጥቶ እጄን ይይዛል፣ ሌላው ቁልፍ ይይዛል።

ጉዲና ያኔ ስንት ጊዜ ለመነኝ...

ራቴን ከድኜ አስቀመጥኩት። ሻንጣው በሩ ጋ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ጫኑልኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዶክተር ሰምሀል ትባላለች፣ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠች። አበራሽ በሩ ጋ ቆማለች። "አባባ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ" ተባልኩ። ጠበቅሁ። ሰማሁ። እጄን አነሣሁ። አላቋርጥ ስላለች እኔም አላወረድኩም። ክንዴ እስኪዝል።

ዶክተሯ ገባች፣ ማዳመጫውን አነሣችልኝ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

"አባባ፣ እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም።"

እጄን አወረድኩ።

"ምንድን ነው የሰሙት?"

አበራሽን አየኋት። ከዚህ ወዴት ይሸሻል? "ዘፈን" አልኩ።

"የማን ዘፈን?"

"የአንዲት እንግሊዝ ልጅ።" እጄን ከጉልበቴ ሥር ደበቅሁ። አለቀልኝ፣ በገዛ አፌ አልኩ።

አልደነገጠችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስምዎን ትጠራለች? አድርግ፣ አታድርግ እያለች ታዝዎታለች?"

"ምን ታዘኛለች፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው!"

ሳቀች። "ዘፈን ብቻ ነው?"

"ዘፈን ብቻ። አንድ ዘፈን።"

እንደገና መርምራኝ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ ነገረችኝ። ሁለቱም ጆሮዬ ደክሟል፣ ቀኙ ብሷል። ከውጭ የሚገባው ድምፅ ሲያንስ ጭንቅላት ዝም ብሎ አይቀመጥም አለች። ከሚያውቀው አውጥቶ ባዶውን ይሞላዋል። አንዳንዱ መዝሙር ይሰማል፣ አንዳንዱ የልጅነት ዘፈን። "እንደርስዎ ያሉ ብዙ አሉ፣ አይናገሩም እንጂ" አለች። "እብድ እንዳይባሉ ይፈራሉ።"

"እብደት ነው?"

"አይደለም።"

"እስቲ ድገሚው።"

"አይደለም፣ አባባ።"

"ጮክ በይ።"

"አይደለም!" ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ጉዲና ለአበራሽ ነገርኳት። አጎቷ በወባ የሞተ ነበር የሚመስላት። ስለ ቁልፉም ነገርኳት። ክንዴን ያዘችና እንደዚያው ይዛኝ እስከ ታክሲው ሄድን።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዛሬ ስትጀምር ከወንበሬ አልተነሣሁም። ትዝፈን አልኩ።

ቆይቶ ሌላ ነገር ሆዴ ገባ። ሸክላዎቹ... በከንቱ ነው የሰበርኳቸው። አበራሽ ስትመጣ ነገርኳት።

"የእማዬን?" አለች። "አራቱንም?"

ፊቷን አዞረች።

"ስሟን እንኳ አላውቀውም" አልኩ። "ሽፋኑንም አቃጠልኩት።"

"እኔ አውቀዋለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል መጀመሪያ የገጣጠምኩት በሷ ስም ነው።" ስልኳን አወጣች፣ ነካካች፣ እስከ ጥግ ከፍ አድርጋ ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ከበሮ መጣ፣ ቫዮሊን መጣ፣ የሚያጅቡ ሴቶች መጡ፣ ከዚያ ልጅቷ። ፈጣን ናት! ቁልቁለት የምትሮጥ ልጅ ናት፣ ደስ ብሏታል።

"ይቺ አይደለችም" አልኩ።

"ናት፣ አባዬ። ፎቶዋ ይኸው።"

"የኔዋ ቀስ ትላለች። ሙዚቃ የላትም። መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቃሉንም ጎረድ..." አበራሽ ስልኩን አወረደች። ለሁለታችንም እኩል ነው የገባን።

ታየች እንግሊዝኛ አታውቅም። ልብስ ስታጥብ ግን ይህን ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትለው ነበር፣ ቃሉን በራሷ እያደረገች። ልብሱን ስትጨምቅ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ጨምቃ ስትጨርስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጅቷን ጎርናና ብላ ትስቅባት ነበር፣ የራሷም ድምፅ ያው ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ልብም አልለው።

ሁለት ወር ሙሉ ጆሮዬን ደፍኜ የሸሸሁት ታየችን ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዶክተሯ የጆሮ መስሚያውን አሳየችኝ። ባቄላ ያህላል። "ይህን ሲያደርጉ ከውጭ ብዙ ይገባልዎታል። ዘፈኑም ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል" አለች፣ ደስ ይለዋል ብላ።

አበራሽ ደግሞ ቃሏን ሰጠች። "አድርገውና ቤትህ ኑር። ስለ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ አላነሣብህም። ካላደረግከው ግን አባዬ፣ መንገድ ላይ መኪና ይበላሃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥኩ መኖር አልችልም።"

ሰንሰለቱን ስፈራ ከርሜ ዛሬ ደግሞ ባቄላ የምታህል ነገር ፈራሁ። ካደረግኳት ታየች እንደገና ትሄዳለች። ያኔ ለቀብሯ ሦስት መቶ ሰው መጣ። ለዚህኛው ማን ይመጣልኛል?

"ላስብበት" አልኩ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

አደረግሁት። ለጆሮዬ ብዬ አይደለም። ትናንት ከውጭ ስገባ አበራሽ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ፊቷን አየሁት።

ዓለም እንዲህ ትጮህ ነበር እንዴ? ጫማዬ ይጮኻል። ወረቀት ይጮኻል። ቶይባ ሙሐዲንን "አንተ ደረቅ" ስትለው በግድግዳው በኩል ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ ታየች መጣች። ቀጥናለች። ከሩቅ ናት።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

አራት ቀን ሆናት፣ አልመጣችም።

ሰኔ 13

መስሚያውን አውጥቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት። ምንም። ራሴ ላንጎራጉረው ሞከርኩ፣ የኔ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ተውኩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የታየች ዓመት። ቁስቋም ጸሎቱ ተደረሰ። ዘመድ መጣ፣ ሰፈሩ መጣ፣ ረቡዕ ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው የተሠራው። ቶይባ ከጠዋት ጀምራ ስትላላክ ዋለች። ጥቁሬን አወለቅሁ። አበራሽ ቡናማ ሹራብ አለበሰችኝ። ከእንግዲህ ዘፈን መክፈት እችላለሁ። የምከፍተው ግን የለኝም። እሷም ከቀረች ወር አለፋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሄደ። ዝናቡም አባርቶ ነበር። ወንበሬ ላይ አረፍ አልኩ።

ዘፈኑ መጣ።

ያው፣ ቀስ ያለው። ሙዚቃ የለውም፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ ይቆረጣል። መስሚያው ጆሮዬ ውስጥ ነው እኮ! ይጠፋል አላለችም? ብሶብኝ ነው? ወይስ ዶክተሯ የማታውቀው ነገር ነው? መስሚያውን አወጣሁት። እንድትቆይልኝ ይሁን እንድትሄድ፣ የትኛውን እንደፈለግሁ አላውቅም።

ዝም አለ። ምንም።

መለስኩት። ትዘፍናለች።

አወጣሁት። ዝም።

መለስኩት። አለች።

እንግዲያስ ከውስጤ አይደለም። ከውጭ ነው የሚገባው።

ተነሥቼ ቀስ እያልኩ ወደ ጓዳ ሄድኩ። አበራሽ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስት ትፈትጋለች። የምትለውን የምታውቀውም አይመስለኝም። ቃሉ እንግሊዝኛ አይደለም፣ እናቷ የምትለው ነው። እጇ ሲበረታ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አልጠራኋትም። መቃኑን ተደግፌ ቆምኩ። ጨረሰች። ድስቱን ደፋችው፣ ሌላ አነሣች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።